ርእሰ አንቀጽ፦ ሃምሳውን ነጥብ ለልጁ ብቻ አንተውለት



የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር በየሰፈሩ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጥፋቱ የማን ነው?» ወላጅ በመምህሩ ይፈርዳል፣ መምህሩ በተማሪው ያሳብባል፣ ተማሪው አንገቱን ደፍቶ ቤት ይቀመጣል። በዚህ ጉዳይ ማኅበራችን ያለውን ሐሳብ መግለጽ ይወዳል።

ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሰጥ፣ ማለፊያውም ከመቶ 50 እንዲሆን መደረጉን እንደግፋለን። መልስ ቀድሞ እየወጣ፣ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ የተገኘ ውጤት ለልጁም ለአገርም አልበጀም። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው፤ 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ቢልም፣ ከመቶው ልጅ ከ90 በላይ የሚሆነው ያን ዓመትም ወደቀ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ልጅ በአንድ ዓመት አልሰነፈም። ጉድለቱ የተጠራቀመው ከታች ነው። አጥርቶ ማንበብ ሳይችል አራተኛ ክፍል የደረሰ፣ ላቦራቶሪ በዓይኑ ሳያይ ኬሚስትሪ የተማረ፣ አንድ መጽሐፍ ለሦስት የተካፈለ ልጅ በመጨረሻ በጥቂት ቀን ፈተና ቢመዘን ምን ሊሆን ኖሯል? የሚወቀሰው ግን ያው የመጨረሻው መምህር ነው።

ተጠያቂነት ቁጥር ብቻ ሲሆን ሌላም ጣጣ አለው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀው «አንድም ልጅ ወደ ኋላ አይቅር» የተባለው ሕግ፣ ልጆች በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተኑ፣ በ12 ዓመት ውስጥም ሁሉም እንዲያልፉ አዘዘ። ውጤቱ ያላማረ ትምህርት ቤት እስከ መዘጋት ሊደርስ ይችል ነበር። በአትላንታ ከተማ መምህራን የተማሪውን መልስ እየፋቁ ሲያርሙ ተገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 አሥራ አንድ የትምህርት ሠራተኞችን ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አላቸው። ልጆቹም ሳይችሉ ችለዋል ተባሉ። ሕጉ በዚያው ዓመት በሌላ ተተካ።

እኛም መምህሩን ባሳለፈው ልጅ ብዛት ብቻ ከመዘንነው፣ ለደካማው ልጅ ማን ይደክምለታል? ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል።

1ኛ/ ወላጅ ሁሉ ውጤት እስኪወጣ ሳይጠብቅ የልጁን ደብተር በየሳምንቱ ይይ። ብዙ ያልተማርንም ብንሆን ባዶ ገጽ ማየት አያቅተንም።

2ኛ/ የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ እንገኝ። የምንሄደውም ለወቀሳ ብቻ ሳይሆን «ምን ጎደላችሁ?» ለማለትም ይሁን።

3ኛ/ የማኅበሩ አዳራሽ ማታ ማታ ለተማሪዎች ጥናት እንዲከፈት፣ የመብራቱም ወጪ ከመዋጮ እንዲሸፈን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እንወስን።

4ኛ/ የወደቀውን ልጅ «የማይረባ» እያልን ሞራሉን አንግደል። ሬሜዲያልም ሆነ ሙያ ቢማር ገና መንገድ አለው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም? ሃምሳውን ነጥብም አብረን እንሸከመው።

የማኅበሩ ጸሐፊ