የሽያጩ ዕድገት በማን ገንዘብ?

የአሜሪካው የቴሌኮም መሣሪያ አምራች ሉሰንት ቴክኖሎጂስ እ.ኤ.አ. በ1996 ከኤቲ ኤንድ ቲ ተነጥሎ ሲወጣ የዎል ስትሪት ተወዳጅ ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሽያጩ በየሩብ ዓመቱ ያድጋል፤ የአክሲዮኑ ዋጋም ይከተለዋል። ከደንበኞቹ አንዱ ዊንስታር የተባለ ጀማሪ የቴሌኮም ኩባንያ ሲሆን፣ ሉሰንት በ1998 እስከ 2 ቢሊዮን ዶላር ሊያበድረው ተስማማ። ዊንስታር በብድሩ የሉሰንትን መሣሪያ ገዛ። ከግራ ኪስ ወጥቶ ቀኝ ኪስ የገባው ገንዘብ በመዝገቡ ላይ ሽያጭ ሆነ። በ2001 ዊንስታር ከሰረ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2004 ባቀረበው ክስ፣ ሉሰንት በ2000 የበጀት ዓመት ብቻ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሽያጭ ያለ አግባብ መመዝገቡን ገለጸ። ኩባንያው የከፈለው 25 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ደግሞ በምርመራው ባለመተባበሩ የተጣለበት ነው።

የቴሌኮም መሣሪያ አምራችን ዕድገት የሚመዝን ሰው ከአምራቹ ሽያጭ በፊት የገዥውን አቅም ማየት አለበት የምለው ለዚህ ነው። የዚህ ንግድ ደንበኞች ጥቂት፣ ውሎቹም ግዙፍ ናቸው። ገዥው መሣሪያውን ሲረከብ ሽያጩ ይመዘገባል፤ ገንዘቡ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ዘግይቶ ይመጣል። ተሰብሳቢ ሒሳብ ከሽያጩ ፈጥኖ ካደገ፣ ኩባንያው ዕድገቱን በዱቤ እየገዛው ሊሆን ይችላል።

ትርፍም ብቻውን አይታመንም። የካናዳው ኖርቴል በአክሲዮኑ ኩባንያዎችን እየገዛ፣ የግዢውን ወጪ የማያካትት የራሱን ዓይነት "ትርፍ" ያሳውቅ ነበር፤ በ2009 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ኤሪክሰን ላይ የሆነው ተቃራኒው ነው። በ2023 ያሳወቀው 26 ቢሊዮን የስዊድን ክሮና ኪሳራ፣ በዋናነት ቮኔጅ የተባለውን ኩባንያ በ2022 በ6.2 ቢሊዮን ዶላር ከገዛ በኋላ የመዝገብ ዋጋውን ዝቅ በማድረጉ የመጣ ነው። ገንዘቡ ቀድሞ ወጥቷልና በዚህ ምክንያት በዚያ ዓመት ከካዝናው የጎደለ ነገር የለም። ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነበር፦ የአሜሪካ ኦፕሬተሮች ግዢ ሲቀንሱ ሕንድ የ5ጂ ኔትወርኳን በጥድፊያ ዘረጋች፤ ሽያጩ በከፊል ተካካሰ፤ የሕንዱ ሥራ ግን የሚያስገኘው ትርፍ ቀጭን ነው። ዝርጋታው ሲረግብም በቀጣዩ ዓመት የዚያ አካባቢ ሽያጭ ወረደ። አንድ ትውልድ ኔትወርክ ተተክሎ ካለቀ፣ ያው ደንበኛ ለዓመታት ዞር ብሎ ላያይህ ይችላል።

እኛ ይህን ንግድ ከገዥው ወገን ሆነን እናውቀዋለን። በ2006 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ውል ሲገባ አቅራቢው ፋይናንሱን ይዞ ነው የመጣው፤ ከጀርባውም የቻይና ልማት ባንክ ነበር። በ2013 ሁዋዌና ዜድቲኢ እያንዳንዳቸው የ800 ሚሊዮን ዶላር ሥራ ወሰዱ። በእነሱ መዝገብ ሽያጭ የተባለው በእኛ መዝገብ ዕዳ ነው፤ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ። የዜድቲኢን ዕድገት ለመመዘን የፈለገ ባለአክሲዮን፣ ያኔ በብሔራዊ ባንካችን ስንት ወር ለሚሆን ገቢ ዕቃ የሚበቃ ዶላር እንዳለ መጠየቅ ነበረበት።