ከሞንታርቦው በፊት እንጠይቅ

በዚህች ቡለቲን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ስለ ራሳችን ሙያ ነው። እኔ ግን ዛሬ ወደ ጎረቤት ልሻገር ነው፤ ወደ ፋርማሲ ተማሪዎች። «የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ መድኃኒት ምን አገባው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እስቲ ታገሱኝና መጨረሻ ላይ ትፈርዳላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በዜና አጻጻፍ ኮርስ አሳይንመንት ነው። ከግቢ ውጪ የሚካሄድ አንድ ዝግጅት ተከታትለን ዜና እንድንሠራ ታዘዝን። የሰፈሬ ልጅ የሆነች የአራተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ አለች። «ቅዳሜ ክበባችን ገበያ ይወጣል፤ ለምን አብረኸን አትመጣም?» አለችኝ። እኔም ዜናው እጄ ላይ ወደቀ ብዬ ተከተልኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ ካለው ገበያ ዳር ድንኳን ተተክሏል። ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ነጭ ጋውን ለብሰው በራሪ ወረቀት ያድላሉ። ሁለቱ በነፃ ደም ግፊት ይለካሉ። አንዱ ደግሞ ሞንታርቦ ይዞ ስለ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ያስተምራል። የዕለቱ መፈክር «መድኃኒት እንዳይላመድ በአግባቡ እንውሰድ» የሚል ነው። እኔም ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ የተማሪውን ብዛት፣ የወረቀቱን ብዛት፣ ግፊቱን የተለካውን ሰው ብዛት መመዝገብ ያዝኩ። ዜና ቁጥር ይወዳል ተብለን የለ!

ታዲያ አንድ ሸክማቸውን አውርደው የቆሙ አባት ሞንታርቦውን ሲያዳምጡ ቆዩና ጎናቸው ወዳለው ሰው ዞረው እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፤ «ልጁ እውነቱን ነው። እኔም እኮ ለዚህ ነው ትንሽ ሲሻለኝ የማቋርጠው። ሰውነት ከለመደው በኋላማ ምን ይሠራል?»

እስቲ ልብ በሉልኝ። ልጁ የተናገረው መድኃኒትን በታዘዘው መሠረት ስለመውሰድ ነው። እሳቸው የሰሙት ደግሞ ቶሎ ስለማቋረጥ ነው። ልጁ አልተሳሳተም፤ እሳቸውም ጆሯቸው ደህና ነው። የተሳሳተው በመካከላቸው ያለው ቃል ነው። በሳይንሱ የሚላመደው ባክቴሪያው እንጂ የሰውየው ሰውነት አይደለም። መድኃኒቱ ሲመጣ ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ያልቃሉ፤ መቋቋም የቻሉት ግን ይተርፋሉ፣ ይራባሉ፣ ወደ ሌላ ሰውም ይተላለፋሉ። በአማርኛችን ግን «መድኃኒት ተላመደ» ሲባል ማን ማንን እንደተላመደ አይታወቅም። ቡናም ይለመዳል፣ ጫትም ይለመዳል። ታዲያ ሰው «ሰውነቴ እንዳይለምደው ቶሎ ላቁም» ቢል ምን ይፈረድበታል?

ጉዳዩ ደግሞ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሰላው፣ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት ሆነዋል። ሸክም ተሸካሚው አባት በዚያች ጠዋት ከድንኳኑ የሄዱት የቀድሞ ልማዳቸው ትክክል መሆኑ ተረጋግጦላቸው ነው። አረጋጋጩም የእኛ ሞንታርቦ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አንዲት እናት ግፊታቸውን ተለኩና ከፍ ብሎ ተገኘ።

«እማማ፣ መድኃኒት አይወስዱም?» አለቻቸው ጓደኛዬ።

«እወስዳለሁ እንጂ፤ ራሴን ሲያመኝ።»

«አይ፣ ይሄማ ዕድሜ ልክ ነው የሚወሰደው።»

ሴትየዋ ደነገጡ። «ዕድሜ ልክ? ምን አጥፍቼ ነው ልጄ?»

በዙሪያው ያለው ሰው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጓደኛዬ ግን አልሳቀችም። ለዓመታት በእንግሊዝኛ የተማረችው ነገር በገበያ አማርኛ ሲወጣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሆኖ ቁጭ አለባት።

ከዚያ ያደረገችውን ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። ወረቀቱን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠችና ትጠይቃቸው ጀመር። መድኃኒቱ ለምን እንደሆነ ምን ብለው ነገሩዎት? እንዴት ይውሰዱት አሉዎት? ከወሰዱት በኋላስ ምን ይጠብቁ ተባሉ? (እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በእነሱ ትምህርት የታወቁ መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅሁት። መድኃኒት ሰጪው ከማስረዳቱ በፊት ታካሚው የሚያውቀውን እንዲሰማ የሚያደርጉ ናቸው።) ሴትየዋም ቀስ በቀስ ነገሩን አወጡት። መድኃኒቱን የራስ ምታት መስሏቸዋል። ለአንድ ወር የተሰጣቸውን ሦስት ወር አድርሰውታል። ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ጥፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ቆጣቢነታቸው ነበር የሚታየው።

«እማማ፣ ግፊት ሳያምም ነው ውስጥ ለውስጥ የሚጎዳው፤ ልብን፣ ኩላሊትን፣ አንጎልን። ቡና በየቀኑ ያፈሉ የለ? ይሄም እንደዚያው በየቀኑ ነው። ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄደው የዛሬውን ልኬት ያሳዩአቸው» አለቻቸው። አብሯቸው የመጣው መምህርም ልኬቱን በወረቀት ጽፎ ሰጣቸው።

«በየቀኑ በሉኛ!» አሉ ሴትየዋ። «ዕድሜ ልክን ምን አመጣው?»

እኔስ ምን ጻፍኩ? «የፋርማሲ ተማሪዎች ለኅብረተሰቡ ትምህርት ሰጡ» ብዬ ጀመርኩና ቁጥሮቼን ደረደርኩ። ሸክም ተሸካሚው አባት የሉበትም፤ እናትየዋም የሉበትም። ከጻፍኩት ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረም። ቢ ፕላስ አገኘሁበት። ነገር ግን በዚያች ጠዋት ከተፈጸመው ነገር ዋናውን ትቼ ነው ያገኘሁት።

እንግዲህ አቋሜ ይህ ነው። የፋርማሲ ተማሪዎች ወደ ኅብረተሰቡ መውጣት ለሕዝብ የሚደረግ ውለታ ተደርጎ መታየቱ ይብቃ። መውጣቱ ራሱ ክፍል ነው፤ መምህሩም ገበያው ነው። ጓደኛዬ በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ የተማረችውን የትኛው ሃንድአውት ይሰጣታል? የአገራችን የፋርማሲ ትምህርት በ2001 ዓ.ም አካባቢ ወደ አምስት ዓመት ሲያድግ ትኩረቱ ከመድኃኒቱ ወደ ታካሚው እንዲዞር ተብሎ ነበር። ታካሚው ደግሞ የሚኖረው ቤቱ ነው።

ሐሳቡም ከውጭ የመጣ አዲስ ፋሽን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን በቡድን እያደረገ ወደ ጤና ጣቢያዎችና ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ጅማም ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትነቱ ዘመን ጀምሮ ኅብረተሰብን መሠረት ባደረገ ትምህርት ስሙ ይነሳል። እዚያ ተማሪ ወደ ሕዝቡ መውጣቱ የትምህርቱ አካል እንጂ የክበብ ትርፍ ሥራ አልነበረም። በየግቢው ቅዳሜ የሚወጡት ክበቦች ግን ድንኳን ይተክላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ድንኳን ይነቅላሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሌላ ገበያ፣ ሌላ መፈክር። እናትየዋ ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄዱ ወይስ አልሄዱም? ማንም አልጠየቀም።

ተቃራኒውን ሐሳብ የሚያነሱትንም ልስማቸው። «ተማሪው በኮርስ ብዛት ተጨናንቋል፤ ቅዳሜውንም ብትወስዱበት ጂፒኤው ይወድቃል» ይላሉ። እውነት አላቸው። ጓደኛዬ ራሷ ሚድ ሲደርስ ክበቡን ልትተው አስባ ነበር። ሌሎች ደግሞ «በመጨረሻው ዓመት ሆስፒታል ይመደቡ የለ? ታካሚን እዚያ ያገኙታል» ይላሉ። እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ሆስፒታል ውስጥ የሚገኘው ታካሚ ወረቀቱን ይዞ ከመስኮት ወዲያ የቆመ፣ ከኋላው ሰልፍ ያለበት፣ ለሚነገረው ሁሉ «እሺ» የሚል ሰው ነው። ክኒኑ ቤት ከገባ በኋላ ምን እንደሚደርስበት፣ ከጎረቤት ጋር መካፈሉን፣ በቀለሙ መጠራቱን፣ ለክፉ ቀን መቀመጡን መስኮቱ አያሳይም።

ስለዚህ የምለው ብዙ ውጡ አይደለም። እንዲያውም አሳንሱት። በወር አንድ ቅዳሜ ይበቃል፤ ግን ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው ሕዝብ ይሁን። ማርክ ይያዝበት ከተባለ ሰው ለማርክ ሲል ብቻ ይመጣል ብዬ እፈራለሁ፤ ይልቅስ የወጣ ተማሪ የሰማውን በአንድ ገጽ ጽፎ ሰኞ ክፍል ውስጥ ይወያዩበት። መምህር ሁልጊዜ አብሯቸው ይኑር። ተማሪዎቹ ገና የሙያ ፈቃድ የላቸውምና መድኃኒት ጀምሩ፣ አቁሙ ወይም ቀይሩ የማለት ሥልጣን የላቸውም፤ የእነሱ ድርሻ መጠየቅ፣ ማስረዳትና ወደ ጤና ጣቢያ መምራት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞንታርቦው ከመከፈቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ይጠየቅ። ሕዝቡ «መላመድ» ሲባል ምን እንደሚረዳ ሳያውቁ ስለ መላመድ ማስተማር በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ልምጣ፤ ምን አገባህ ላላችሁኝ መልሱ እዚህ ነው። ያቺን «ዕድሜ ልክ» የምትል ቃል «በየቀኑ» ማድረግ የማን ሙያ ነው? የፋርማሲ ተማሪው ሳይንሱን ያውቃል፤ እኛ ደግሞ ቋንቋ እንማራለን እንላለን። በራሪ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት የሁለቱ ዲፓርትመንት ተማሪዎች አብረው ቢቀመጡ፣ ጽሑፉንም ለአምስት የገበያ ሰዎች አንብበው «ምን ተረዳችሁ?» ብለው ቢጠይቁ ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል? ዜናውንም ስንሠራ «ስንት ወረቀት ተበተነ?» ብለን ከምናቆም «ሰው ምን ይዞ ሄደ?» ብለን ብንጨምርስ?

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ላብቃ። አሳይንመንቱ በተመለሰልኝ ማታ ቤት ደወልኩ። እናቴ ግፊት ካለባት አራት ዓመት ሆኗታል። ስደውል ሁልጊዜ «መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ?» እላታለሁ፤ «አዎ» ትለኛለች፤ በዚያው ወደ ሌላ ወሬ እናልፋለን። የዚያን ዕለት ግን «እማዬ፣ እንዴት እንዴት አድርገሽ ነው የምትወስጂው?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ደህና ስሆን ምን ያደርግልኛል ብለህ ነው? ሲያዞረኝ እወስዳለሁ» አለችኝ።

አራት ዓመት ሙሉ «አዎ» ብላኛለች። አልዋሸችኝም፤ እኔ ነኝ በትክክል ያልጠየቅኋት። አሁን ጠዋት ቡና ስታፈላ እደውላለሁ፤ ጤና ጣቢያም ሄዳ እንደገና እየታየች ነው። እናንተም ይህን ቡለቲን አጥፋችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ቤት ደውሉ። «ትወስዳላችሁ ወይ?» ሳይሆን «እንዴት ትወስዳላችሁ?» በሉ።

ቸር እንሰንብት።