ድሪቶን ስድብ ያደረገው ማነው?

ውድ አንባቢ፣ «ድሪቶ» ሲባል ምን ይታይዎታል? መቼም ክብር አይታይዎትም። ቃሉ ግን የሙያ ስም ነው። ያለቀውን ነጠላ፣ የተተረተረውን ጋቢ፣ ለብቻው ለምንም የማይሆነውን እራፊ ሁሉ አነባብሮ፣ በመርፌ ደርቶ ብርድ የሚመክት ልብስ ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም፤ እጅም ዓይንም ይጠይቃል። ዛሬ ግን ቃሉን የምንፈልገው ሰው ለማዋረድ ብቻ ነው። ንቀቱ በአፍ ላይ ቢቀር ባልከፋ፤ ኪሳችን ውስጥ ገባ እንጂ!

ሲሪንቃን ይመልከቱ። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ናት፤ የግብርና ምርምር ማዕከሏ እንደ «ግራና አንድ» እና «ምስክር» ያሉ የማሽላ ዝርያዎችን ያወጣ ነው። የሐብሩ ገበሬ ታዲያ አዲስ ዘር ሲቀርብለት የምርቱን ነገር ብቻ ሰምቶ አይረካም። «አገዳውስ?» ይላል። አገዳው የከብት መኖ ነው፤ ማገዶ ነው፤ የጎጆና የአጥር ሥራ ነው። ከአንድ ተክል ላይ የሚጣል ነገር አይታየውም። ማሳው ላይ ይህን ያህል የሚጠበብ ሕዝብ ቤቱ ሲገባ ለምን አባካኝ ይሆናል?

እስቲ ወደ ሳሎናችን እንግባ። መደብ ነበረን። ከጭቃና ከጭድ የሚሠራ፣ ግድግዳ ተደግፈው የሚቀመጡበት፣ ጅባ ወይም አጎዛ የሚነጠፍበት። «የድሃ ነው» ተባለና ፈረሰ። አፍርሰን ምን ገዛን? «ዐረቢያን መጅሊስ»! መጅሊሱስ ምንድን ነው? ዝቅ ያለ፣ ግድግዳ ተደግፈው የሚቀመጡበት መቀመጫ! መደባችንን ስፖንጅ አስታጥቀው፣ ከፈይ አልብሰው መልሰው ሸጡልን፤ እኛም ተደስተን ከፈልን። መደቡን ጠግኖ፣ ያረጀ ልብስ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቆ ትራስ ማድረግ፣ ላዩን ከአሮጌ ሽርጥና ከመጋረጃ ቁራጭ በተደረተ ልብስ መሸፈን የአንድ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ነበር። ከረከቦቱ ሥር የሚጎዘጎዘው ቄጠማም ሳይቀር ፕላስቲክ ሆኗል። ወንዝ ዳር የሚታጨደውን በብር ገዝቶ አቧራውን በሳሙና ማጠብ፣ ይህንንም ሥልጣኔ ብለነዋል።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የሐብሩ ቤት አሳምሮ ያውቀዋል። ከሪያድና ከጅዳ ነው፤ የሰው ቤት ወለል ከምታጥብ እህት እጅ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከመቶ ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነው የተመለሱት። ሲልኩት የኖሩት የት ደረሰ? የታመመ የታከመበት፣ ልጅ የተማረበት፣ ቤት የተሠራበት አለ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። መጋረጃና ከፈይ ሆኖ የቀረው ግን ያስቆጣኛል። የእህቱን ላብ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ኢስራፍ ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገውም፤ መጋረጃውን ይመልከት።

«የእጅ ሥራ ጊዜ ይፈጃል፤ ፕላስቲኩ ርካሽ ነው» የሚሉ አሉ። መሶብ ጊዜ እንደሚፈጅ ማን ይክዳል? ስንደዶው በመስከረም ከሜዳ ይለቀማል፤ አክርማው ይዘጋጃል፤ የተቀለመው አለላ ይሆናል፤ ከዚያ ወስፌና ትዕግሥት። ግን የላስቲክ ሳህን ሲሰነጠቅ ይጣላል እንጂ አይጠገንም፤ የተፈታ ሰፌድ ግን ተመልሶ ይሰፋል። ርካሹን አምስት ጊዜ የገዛ ሰው ርካሽ ገዛሁ ሊል አይችልም። ደግሞም እናቶቻችን ከፕላስቲክ ጋር የሚጣሉ አይደሉም። የማዳበሪያውን ከረጢት ተርትረው ክሩን ከአለላው ጋር ሰፌድ ላይ የሚያስገቡ አሉ! ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት የላቸውም። እኛ ግን ይህን ብልኃት «ማጣት» ብለን እንጠራዋለን።

ወንድሞች ይህ የሴት ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተጠይቀው ልብሳቸውን ይጥፉ፣ ጫማቸውን ይጠግኑ እንደነበር ተናግረዋል። ኮሌታው ያለቀ ሸሚዝ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ ማስገልበጥ በአባቶቻችን ዘመን የተለመደ ነበር። ዛሬ ስንቶቻችን ቁልፍ መትከል እንችላለን?

የንቀቱ ሥር ሩቅ ነው። ሸማኔና ቀጥቃጭ በሥራቸው ሲሰደቡ በመኖራቸው ዐፄ ምኒልክ ይህን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ ደግሞ እኛንም ነክቶናል። በጎንደርና በትግራይ ርስት የተከለከለው ሙስሊም ልጆቹን ያሳደገው በሽመናና በንግድ ነው። የዚያ ሰው የልጅ ልጅ በእጅ ሥራ ሲያፍር በማን ማፈሩ ነው?

ሌሎች አላፈሩም። በሰሜን ጃፓን ድሃ ገበሬዎች እራፊ በእራፊ ላይ ደርተው የለበሱት «ቦሮ» የተባለ ጨርቅ፣ የእኛው ድሪቶ መንትያ ማለት ነው፣ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ይታያል፤ በውድ ዋጋም ይሸጣል። አዲስ አበባ ላይ ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 «ሶል ሬብልስ»ን ስትመሠርት መነሻዋ ከአሮጌ ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ ነበር። የገበሬውን ጫማ ፈረንጅ በዶላር ገዛው። እኛ ግን በረባሶ ያደረገ ሰው በር ላይ ቢቆም ከላይ እስከ ታች እናየዋለን።

ከ2013 ዓ.ም. ነሐሴ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን ሲያደቅቃቸው ስንት ቤት ተራቁቶ እንደቀረ የአካባቢው ሰው ያውቃል። የተገዛው ሁሉ ሄደ፤ መልሶ ለመግዛት ደግሞ ገንዘብ አልነበረም። ወስፌ መያዝ የምትችል ሴት ግን ስንደዶው በበቀለ ጊዜ ሌማቷን መልሳ መጀመር ትችላለች።

ውድ አንባቢ፣ ለኒካሕ ሽምግልና ሲቀመጡ የቤት ዕቃው ዝርዝር መነሣቱ አይቀርም። መጅሊሱ ጋ ሲደርሱ ይሰርዙትና «መደብ» ብለው ይጻፉ፤ ልጁም ጭቃውን ራሱ እንዲያቦካ ያስፈርሙት። ሽማግሌዎቹ ከሣቁ ይሣቁ።