የሰው ወርቅ አያደምቅ



ባለፈው ዓመት በትምህርት መዝጊያ በዓላችን ላይ አንድ አጭር አስቂኝ ጨዋታ ይዤ መድረክ ላይ ወጥቼ እንደ ነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ጨዋታው በመሸንቲ ገበያ ዶሮ ሊገዛ ሄዶ ዋጋ ሲከራከር ስለ ዋለ ሰው ነበር። ክርክሩ ከመርዘሙ የተነሣ ዶሮዋ በገዢው እጅ ላይ እንዳለች እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያም እንቁላሉ የማን ነው የሚል አዲስ ሙግት ይነሣል። ሳቁም ጭብጨባውም ብዙ ነበር። ሽልማትም ተሰጠኝ። ዛሬ ግን ያ ጨዋታ የእኔ እንዳልነበረ በዚህ መጽሔት ለመናገር ተነሥቻለሁ።

ጨዋታውን የፈጠረው አንድ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ወደየቤታችን ስንመለስ በመንገድ ላይ ድምፁን እየለዋወጠ፣ አንዴ ሻጯን አንዴ ገዢውን እየሆነ ሲያስቀን ሰማሁት። በወረቀት አላሰፈረውም ነበር። እኔም «ያልተጻፈ ነገር ባለቤት የለውም» ብዬ ራሴን አታልዬ፣ የሰውየውን ስም ብቻ ለውጬ አቀረብሁት። ጓደኛዬ ከተመልካቾች መካከል ተቀምጦ ነበር። ሁሉም ሲስቁ እሱ አልሳቀም። ከዚያ ቀን ወዲህም በመንገድ ላይ እንደዚያ አጫውቶን አያውቅም። እንግዲህ የወሰድሁበት አንድ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ገና ሊፈጥራቸው የሚችላቸውንም አስቀረሁበት።

አንዳንዶች ግን «ከሌላ ያልወሰደ ጥበብ ከወዴት ይገኛል?» ይሉኝ ይሆናል። እውነታቸውን ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች የሁላችን ናቸው። በ1910ዎቹ የቀረበውና የዘመናዊ ቲያትራችን መጀመሪያ የሚባለው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» መነሻው የፈረንሳዊው የላ ፎንቴን ተረቶች ናቸው። ላ ፎንቴንም በበኩሉ ከኤዞፕ ብዙ ወስዷል። ሼክስፒርም ቢሆን የኦቴሎን ታሪክ ከአንድ ጣልያናዊ ደራሲ አግኝቶ ነው ቲያትር ያደረገው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ያንኑ ኦቴሎ ወደ አማርኛ ሲመልሰው ግን የሼክስፒርን ስም አልደበቀም። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መውሰድ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የሰጪውን ስም መደበቅ ነው።

የአገራችንን አዝማሪ እንመልከት። በሠርግ ቤት አንዱ እንግዳ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ሲሰጠው፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ግጥሙን የሰጠው ማን እንደሆነ ግን ቤቱ ሁሉ አይቷል፤ አዝማሪውም የእኔ ነው አይልም። የጎጃምን የቅኔ ቤት ደግሞ እንመልከት። ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል እንጂ የጓደኛውን ደግሞ ቢያቀርብ መሳቂያ ይሆናል። «ቅኔ ዘረፈ» ሲባልም ከሰው ቀማ ማለት ሳይሆን ከራሱ አእምሮ አፈለቀ ማለት ነው። እኔ ግን ቃሉን ወደ ክፉ ትርጉሙ መለስሁት።

ሕጋችንም ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። ቀጥሎም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። በአዋጁ መሠረት የደራሲው መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ በመድረክ ለሚጫወቱትም የራሳቸው መብት አላቸው። ይሁን እንጂ ሕጉ ሐሳብን ብቻውን አይጠብቅም፤ ድርሰቱም ተጽፎ ወይም ተቀርጾ እንዲገኝ ይጠይቃል። የጓደኛዬ ጨዋታ በመንገድ ላይ በቃል የተነገረ ስለ ሆነ፣ ዳኛ ፊት ቢቆም ማስረጃ የሚሆነው ወረቀት የለውም። ሕግ በማይደርስበት ስፍራ የሚቀረው የሰው ኅሊና ብቻ ነው። በእኛ አገር ደግሞ አብዛኛው ጥበብ በቃል የሚኖር ነውና የኅሊና ሥራ እጅግ ብዙ ነው።

ስለዚህ ለዘንድሮው በዓል ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም ግጥም ወይም ጨዋታ ከመቅረቡ በፊት የደራሲው ስም ይነገር፤ ከስልክ ያየነው ቀልድም ቢሆን ከማን እንዳገኘነው እንናገር። ሁለተኛ፣ ዳኞች ለሳቁ ብቻ ሳይሆን የተማሪው የራሱ ለሆነው ነገር ነጥብ ይስጡ፤ ትንሽ ቢሆንም ይስጡ። ሦስተኛ፣ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲያጨበጨብለት ስታዩ «ይህን ማን ደረሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔን ያን ቀን የጠየቀኝ ቢኖር ኖሮ እውነቱን የምናገር ይመስለኛል።

ሽልማቱን ለጓደኛዬ ወስጄ ሰጥቼዋለሁ። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛልና አልጻፍሁም፤ ይቅርታዬን ግን ተቀብሎኛል። ለዘንድሮው በዓል የራሱን ጨዋታ ጽፎ እንዲያቀርብ ጠይቄው እስከ አሁን እሺም እንቢም አላለኝም። እሺ ካለ እኔ ከተመልካቾች መካከል ተቀምጬ ከሁሉ አስቀድሜ አጨበጭባለሁ።