ልጅ ከወላጁ ቤት ሲወጣ

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ የማጫውትህ የሌላ ሰው ሳይሆን የራሴን ስሕተት ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ የቡና ለቀማ በደራበት ሰሞን፣ በጪጩ ከማስተምራቸው ተማሪዎች አንዱ መጻሕፍቱን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ በማታ ቤቴ መጣ። ዕድሜው 16 ነው። አባቱ «ቡናው ሳይረግፍ ትምህርቱ ይቆይ» ብለውታል፤ እሱም «ከእንግዲህ ራሴን አስተዳድራለሁ» ብሎ ወጥቷል። እኔም ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ነጻነት ያነበብሁት ሁሉ ትዝ አለኝና «ጐበዝ! ወንድ ልጅ እንዲህ ነው» አልሁት። በማግሥቱ ራሴ ዋስ ሆኜ አንዲት ክፍል አከራየሁት።

በሦስተኛው ቀን አባቱን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እግራቸው በጭቃ ተለውሷል፤ ዐይናቸው እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል።

«መምህር፣ ሁለት ሌሊት በየገደሉ ስፈልገው አደርሁ። ምነው ሰው እንኳ ብትልክብኝ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ልጁ አድጓል እኮ፤ መብቱ ነው» አልኋቸው።

«መብቱን አላውቅም፤ አባቱ ግን እኔ ነኝ» ብለው ሄዱ።

ነገሩ ቢከነክነኝ በዚያው ምሽት ዲላ ወርጄ፣ ሕግ የተማረውን የኮሌጅ ጓደኛዬን ጠየቅሁት። መጽሐፉን ገልጦ ቢያነብልኝ ልክ የነበሩት እሳቸው፣ የተሳሳትሁት እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ወንድም ሆነ ሴት 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው አካለ መጠን ያልደረሰ ይለዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 213) ይህን ቁጥር አልለወጠም። ይህ የፌዴራሉ ሕግ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተ ሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላላቸው፣ ጉዳይ የገጠመው ሰው በአካባቢው ካለው ፍርድ ቤት መጠየቅ አለበት።

ዋናው ደንብ አጭር ነው። ልጁ የሚኖርበትን ስፍራ የሚወስነው አሳዳሪው ነው፤ ልጁ ያለ አሳዳሪው ፈቃድ ከዚያ ሊለይ አይችልም፤ ቢለይ አሳዳሪው እንዲመለስ ሊያስገድደው ይችላል። አባትና እናት በትዳር ሲኖሩ አሳዳሪዎቹ ሁለቱም በአንድነት ናቸው።

ከ18 ዓመት በፊት ከዚህ ሥልጣን የሚያስወጡ በሮች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ጋብቻ ነው። በ1952ቱ ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችል ነበርና፣ ከአባቷ ሥልጣን የምትወጣው ወደ ባሏ ቤት በመግባት ነበር። ዛሬ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ስለ ሆነ ያ በር ጠቧል፤ መጥበቡም ደግ ነው። ሁለተኛው ፍርድ ቤት ነው፤ 14 ዓመት የሞላውን ልጅ፣ ጥቅሙ የሚያስገድድ ሲሆን፣ ከአሳዳሪና ከሞግዚት ሥልጣን ነጻ ሊያወጣው ይችላል።

«እንግዲያው ልጅ የአባቱ እስረኛ ነውን?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ወላጅ ልጁን የማብላት፣ የማልበስ፣ የማስጠለልና የማስተማር ግዴታ አለበት። በእጁ ያለውን ልጅ የሚያንገላታ፣ የሚተው፣ ከዐቅሙ በላይ የሚያሠራ ወይም የሚደበድብ ሰው በወንጀል ሕግ ይቀጣል። ስለዚህ የተበደለ ልጅ በሌሊት መጥፋት የለበትም፤ ፖሊስ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ፍርድ ቤት አሉለት። «ሠርቼ እኖራለሁ» ለሚለውም ቢሆን፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለውን መቅጠር ይከለክላል፤ 18 ያልሞላውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም በሌሊት ማሠራት አይፈቅድም።

የኔው ተማሪ ጉዳይ በሽማግሌ አለቀ። በእሑድ ቀን ወደ መንደራቸው ወጥቼ አስቀድሜ እኔ ይቅርታ ጠየቅሁ። ልጁም የአባቱን ጉልበት ሳመ። አባትየው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ይደር፤ ቅዳሜ ቡናዬን ይልቀምልኝ። ኪራዩን እኔ እከፍላለሁ» አሉ። ክፍሉ ያው ክፍል፣ መኝታውም ያው ሰሌን ነው። ማክሰኞ ልጁ የኰበለለበት የነበረው ቤት፣ እሑድ አባቱ የመረጡለት መኖሪያ ሆነ። ፈቃድ ማለት ይህ ነው። ከፈቀዱም በኋላ አባትነታቸው አልቀረም፤ ቢታመም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

ተማሪ ወንድሜ፣ እኅቴ ሆይ፤ ከገጠር መጥታችሁ በከተማ ክፍል ተከራይታችሁ የምትማሩ ብዙዎች ናችሁ። ቤት መለወጥ ስትፈልጉ አስቀድማችሁ ለወላጅ አስታውቁ። በመሥሪያ ቤት ተቀጥረህ ታናሽ ወንድምህን የምታስጠጋ ወዳጄም፣ ልጁ በርህን ሲያንኳኳ አስገባው፣ አብላው፣ አስተኛው። ነገር ግን ሳይነጋ ወደ አባቱ ሰው ላክ። እኔ ይህን ባለማድረጌ አንድ አባት ሁለት ሌሊት በገደል ተንከራተቱ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።