ሣር መላጨት ጽዳት አይደለም!



እንደሚታወቀው ሁሉ ነሐሴ ጋመስ ሲል «ለአዲሱ ዓመት ሰፈራችንን እናጽዳ» የሚል ጥሪ ይደረግልናል። ጥሪው መልካም ነው፤ እኛም ዶማና አካፋ ይዘው ከማይቀሩት መካከል ነን። ዳሩ ግን ወጥተን የምንሠራው ምንድን ነው? ፌስታሉንና የተሰበረውን ጠርሙስ ለመልቀም አንድ ሰዓት አይፈጅብንም። የቀረውን ቀን የምናሳልፈው የመንገዱን ግራና ቀኝ ሣር ከነሥሩ ስንነቅልና ቦዩን ስንፍቅ ነው። ማታ መንገድ ዳሩ እንደ ተላጨ ራስ ሲያብረቀርቅ «አቤት ሲያምር!» ተባብለን እጃችንን ታጥበን እንገባለን።

የምንቃወመው ይህንኑ ነው። ሣር ቆሻሻ አይደለም፤ ሣር መላጨትም ጽዳት አይደለም። ዘንድሮ ዶማው እቤት ይቅር እንላለን። ምክንያታችንን አንድ በአንድ እናስረዳለን፤ አንብባችሁ ፍረዱ።

አንደኛ፣ ነሐሴ ዝናቡ ገና ያላባራበት ወር ነው። የዝናቡ ጠብታ ሣር ላይ ሲያርፍ ጉልበቱ ይበርዳል፤ ውኃውም በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሥሩም አፈሩን እንደ መረብ ይዞ ያቆየዋል። ሣሩን ስንነቅለው ያው ጠብታ አፈሩን ይፈነቅለዋል፤ ቦዩም ለጎርፍ መንደርደሪያ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የቦዩ ወለል ይሰረጎዳል፣ ጠርዙ ይናዳል፣ መጨረሻ ላይ መንገዱ ራሱ ከጎኑ እየተበላ ይጠብባል። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የተባለው ለእኛ ነው እንዴ? በየዓመቱ ጎርፉ በበላው ላይ ድንጋይና ጠጠር እንሞላለን፤ በየዓመቱ ደግሞ ጎርፉን የሚከለክለውን ሣር በገዛ እጃችን እንነቅላለን።

አፈሩስ የት ይደርሳል? ከጮቄ ተራራ የሚነሱት ሙጋም ጨሞጋም፣ ሌሎቹም ወንዞች መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብዙዎቻችን ከጎደለ ኪሳችን ቦንድ ገዝተናል። በአንድ እጅ ለግድቡ ገንዘብ ሰጥተን በሌላው እጅ ደለል የምንልክለት ከሆነ፣ ኧረ ይህ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ሁለተኛ፣ ይህ መንገድ ዳር ተራ ቦታ አይደለም። በዕድሜ የገፉት አባቶችና እናቶች እንደሚያውቁት፣ የጎጃም ደጋ ያለ ሜዳ የሚታሰብ አልነበረም። ዛሬ ሜዳው በአብዛኛው ታርሷል፤ የቀረውም ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ የተረፈችውም በከብት ብዛት ተግጣ አልቃለች። ማረሻ ያልነካው፣ የአገሩ ሣር በወጉ ዘር የሚያፈራበት ቦታ ፈልጉ ብንባል የምናገኘው የቤተ ክርስቲያን ቅጥርና ይህችው በመንገዱና በእርሻው መካከል ያለች ጠባብ መሬት ናት። ሰርዶው፣ ሰንበሌጡ፣ ስንደዶው፣ አክርማው፣ ማጌቱ፣ አደዩ ሁሉም እዚያች ተሸጉጠዋል። ማጌቱ ለከብት ምርጥ መኖ ነው፤ መሬቱንም ያዳብራል። የማጌትና የአደይ አበባ ለንብ ምን እንደሆነ ቀፎ ያለው ሰው ይንገራችሁ። ሌማትና መሶብ የሚሰፉ እናቶቻችን አክርማና ስንደዶ ከገበያ በገንዘብ መግዛት ሲጀምሩ፣ ምን እንደ ጠፋን ልብ ማለት ነበረብን።

የእንግጫው ነገርማ ያሳፍራል። ልጃገረዶቻችን ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንግጫ ነቅለው፣ ጎንጉነው፣ እየዘፈኑ ዓመቱን ይቀበላሉ፤ ይህ የጎጃም ወግ ነው። እኛ በነሐሴ ሣሩን ላጭተን በጳጉሜን «ልጆች፣ ባህላችሁን ጠብቁ!» እንላለን። ከየት ነቅለው ይጠብቁት? ከፕላስቲክ?

ሦስተኛ፣ ባዶ መሬት ባዶ ሆኖ አይቀርም። እኛ ካላለበስነው አረም ያለብሰዋል። ቅንጨ አረም የሚሉት መጤ ተክል አገራችን ውስጥ መታየት ከጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚዛመተውም በዋናነት በመንገድ ነው፤ በመኪና ጎማ ጭቃ፣ በእህልና በገለባ ጭነት፣ በጎርፍ። አንዱ ተክል ብቻውን በሺህ የሚቆጠር ዘር ያፈራል። የሰውን ቆዳና መተንፈሻ ያስቆጣል፤ ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። ይህ አረም የሚወደው የተፋቀና የተነካካ መሬት ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ የአገር ሣር ግን መግቢያ ይነሣዋል። ስለዚህ በዶማ የምንፍቀው እያንዳንዱ ክንድ መሬት ለመጤው አረም የምናዘጋጅለት መደብ ነው።

«ባሕር ዛፍ እንትከልበት፣ ገንዘብ ነው» የሚሉም አሉ። ባሕር ዛፍ ጠላታችን አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ቤታችንን ያቆመው፣ ምጣዳችንን ያጋለው እርሱ ነው፤ ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው። ነገር ግን ቦታው መንገድ ዳር አይደለም። ከሥሩ ሣር በወጉ አይበቅልም፤ ሣር ከሌለ ደግሞ አፈሩን የሚይዝ የለም። መታጠፊያ ላይ ሲቆም የሹፌሩን ዐይን ይጋርዳል፤ ጎን ያለውን የሰው እርሻ ውኃ ይሻማል። የአንድ ሰው ገንዘብ የጎረቤቱ ኪሣራ ሲሆን ዝም ማለት አይገባንም።

«ሣር ካደገ እባብ ይገባበታል፣ ሌባ ይደበቅበታል» ለሚሉን ደግሞ እውነት አላችሁ እንላለን። ስለዚህ በየቤቱ ደጃፍ፣ በመገናኛና በመታጠፊያ ላይ፣ ከመንገዱ ጫፍም አንድ ሜትር ያህል ሣሩ ሁልጊዜ አጭር ይሁን። ይህ ግን የማጭድ ሥራ እንጂ የዶማ ሥራ አይደለም። ማጭድ ጸጉር ይቆርጣል፤ ዶማ ግን ቆዳ ይገፍፋል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ከራሳችን ፈጥረን አይደለም። በመንዝ የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች እየተመራ ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋዋል፤ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም በወጉ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ የድሮው ሥርዓት ፈረሰና ሜዳው ተጎዳ። ነዋሪው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ መልሶ አስከበረው። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። መንዝ ያንን ታላቅ ሜዳ ከጠበቀ፣ እኛ የመንገድ ዳር ሣር መጠበቅ ያቅተናል?

ከባሕር ማዶም ትምህርት አለ። በአሜሪካ አይዋ የሚባለው ግዛት ከመሬቱ አብዛኛው የሣር ሜዳ ነበር። ታረሰና ታረሰና ዛሬ ከነበረው ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አልቀረም። እነርሱም እንደ እኛ መንገድ ዳሩን እያጨዱና መድኃኒት እየረጩ ሲላጩት ኖረው፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነገሩ ገባቸው። ያገራቸውን ሣርና አበባ መልሰው መንገድ ዳር መዝራት ጀመሩ፤ ለዚህም ሕግ አወጡ፣ በጀት መደቡ። ከጠፋ በኋላ ዘር ፍለጋ ብዙ ገንዘብ አስወጣቸው። የእኛ ግን ገና አልጠፋም፤ ዶማችንን ብናስቀምጥ ብቻ አብዛኛው በራሱ ይመለሳል።

ስለዚህ በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ የሚከተለው እንዲወሰን እንጠይቃለን።

1. በጽዳት ቀን ቆሻሻ ይለቀም፣ በደለል የተደፈነ ቦይና ቱቦ ይከፈት፤ የቦዩ ጎንና የመንገዱ ዳር ሣር ግን በዶማ አይነካ።

2. ከላይ ከተባሉት ቦታዎች በቀር ሣሩ ኅዳር ገብቶ ዘሩ ሳይረግፍ አይታጨድ። እስከዚያም ከብት አይለቀቅበት።

3. አጨዳው አንድ ጊዜና በጋራ ይሁን። ሣሩ በዕጣ ይከፋፈል፤ መሬት የሌላቸውና ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ይቅደሙ። አክርማውና ስንደዶው ለሚሰፉት እናቶች ይተውላቸው፤ እንግጫውም ለልጆቹ።

4. ጎርፍ በቦረቦረው ቦታ ላይ ሰርዶ ከነአፈሩ ተቆርጦ ይተከል፤ አክርማ ከሥሩ እየተገመሰ ይተከል፤ በኅዳር የተለቀመ የአገር ሣር ዘር በሰኔ ይበተን።

5. በመንገድ ዳር አዲስ ባሕር ዛፍ አይተከል። ያለውን ባለቤቱ ሲደርስለት ቆርጦ ይጠቀም፤ ጉቶው ግን መልሶ እንዳያቆጠቁጥ ይነቀል።

6. ቅንጨ አረም የታየ እንደሆነ ሳያብብ፣ እጅን ሸፍኖ፣ ከነሥሩ ይነቀል። ያን ጊዜ ብቻ ንቀሉ እንላለን!

አንዳንዱ «ለበዓል እንግዳ ሲመጣ ሰፈሩ ጫካ መስሎ ይታያል» ይለናል። እስቲ እንጠይቅ፤ መስከረም ጠብቶ በመንገዱ ግራና ቀኝ አደይ አብቦ ማጌቱ ተነጥፎ የሚቀበለው እንግዳ፣ ከተፋቀ ጭቃና ከተናደ ቦይ ይልቅ ይከፋዋል? ለአንድ ቀን እይታ ተብሎ የሚሠራ ሥራ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነው።

የመንገድ ዳር መሬት የማንም አይደለም ስለሚባል ሁሉም ይዘምትበታል። እኛ ግን የሁላችንም ነው እንላለን። የማንም አይደለም ያልነው ሜዳ እንዴት እንዳለቀ በዐይናችን አይተናል። የቀረችውን ጠባብ መሬት ግን ከያዝናት ማንም አይወስድብንም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏል። በስብሰባው ላይ ተገኝታችሁ ድምፃችሁን ስጡ። የምትቃወሙም ካላችሁ ኑና ፊት ለፊት እንከራከር። እስከዚያው ግን ዶማው እቤት ይቅር!

የሰፈራችን ማኅበር የማስታወቂያ ሰሌዳ አዘጋጆች
ቁይ