ግጥሚያውን ማን መዘገበው?

ስለ ኪክ ቦክስ ወሬ ሲነሳ የአብዛኞቻችን ሐሳብ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ቫን ዳም ነው። በ1988 የወጣው «ብለድስፖርት» እና በ1989 የወጣው «ኪክቦክሰር» በቪዲዮ ቤት ዘመን ያልደረሱበት ከተማ የለም ማለት ይቻላል፤ ቦንጋም አልቀረባትም። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስከ ዛሬ ድረስ ቶንግ ፖ የሚባለው ክፉ ሰውዬ የምር የታይላንድ ተፋላሚ የሚመስለው አለ። እንዴ! ሰውዬውኮ ሚሼል ቂሲ የሚባል የሞሮኮ ተወላጅ፣ የቫን ዳም የልጅነት ጓደኛ ነው። ፊልም ፊልም ነው፤ በእሱ ጠብ የለኝም። የእኔ ቅሬታ የፊልሙን ተፋላሚ በቃላችን ይዘን እውነተኞቹን አለማወቃችን ነው። የራሳችንንማ ተዉት።

ይህ ነገር ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። እኔ ክረምት ክረምት እዚህ ኮሌጅ እየተማርኩ በበጋው በካፋ ዞን በአንድ ትምህርት ቤት ስፖርት የማስተምር ሰው ነኝ። በእረፍት ሰዓት ልጆች ሲራገጡ አያለሁ። አንዱ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሲወድቅ ሌሎቹ ይስቃሉ። ለምን አይስቁ? ፊልም ላይ ዋናው ሰውዬ አሥር ጊዜ ተመትቶ አሥር ጊዜ ይነሳል። በዚያ ላይ ጥቂት ሳምንት ሠልጥኖ ሁሉንም ያሸንፋል። የእውነተኞቹ ታሪክ ግን እንዲህ አይደለም።

ኪክ ቦክስ በዚህ ስሙ የተጀመረው ጃፓን ነው። ኦሳሙ ኖጉቺ የተባለ የግጥሚያ አዘጋጅ በ1966 የመጀመሪያውን ውድድር በኦሳካ ከተማ አካሄደ። የዘመኑ ኮከብ ታዳሺ ሳዋሙራ በካራቴ የመጣ ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት ከአንድ የታይላንድ ተፋላሚ ጋር ገጠመና ደጋግሞ እየወደቀ ክፉኛ ተሸነፈ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ይተወው ነበር። እሱ ግን የተሸነፈበትን የታይላንዶች አመታት ተምሮ ተመለሰ። በ1973 የጃፓንን ታላቅ የፕሮፌሽናል ስፖርት ሽልማት የቤዝቦሉን ጀግና ሳዳሃሩ ኦን ቀድሞ ወሰደ።

ስዊዘርላንዳዊው አንዲ ሁግም እንዲሁ ነው። እግሩን ከራሱ በላይ አንስቶ እንደ መጥረቢያ ሲያወርደው ያየ ሰው አይረሳውም። ታዲያ በ1993 በተጀመረው በታላቁ የኬ ዋን ውድድር ላይ በ1994 ሲቀርብ ስንት ደቂቃ ቆየ መሰላችሁ? ደቂቃ የለም፤ በ19 ሰከንድ ተሸነፈ። በ1995 ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ማይክ በርናርዶ አሸነፈው። በ1996 ግን በፍጻሜው ያንኑ በርናርዶን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ነሐሴ 2000 በደም ካንሰር ሲሞት 35 ዓመቱ ነበር።

ሦስተኛው ሆላንዳዊው ኧርነስቶ ሁስት ነው። በ1993 በመጀመሪያው ኬ ዋን ፍጻሜ ደርሶ የ38 ዓመቱ ክሮኤሺያዊ ብራንኮ ሲካቲች በአንደኛው ዙር በዝረራ አሸነፈው። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኘው ከአራት ዓመት በኋላ በ1997 ነው። በ1999፣ በ2000 እና በ2002 ደገመው። የ2002ቱ ግን ጉድ ነው። ሁስት በሩብ ፍጻሜው ከ150 ኪሎ በላይ በሚመዝነው ቦብ ሳፕ ተሸንፎ ነበር። ሳፕ ግን እጁ ተጎድቶ መቀጠል ስላልቻለ ሁስት በእሱ ቦታ ገብቶ ዋንጫውን ወሰደ። የሻምፒዮኖችን ስም ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን አያውቅም። ግጥሚያ በግጥሚያ የተመዘገበውን የሚያነብ ግን የዚያን ዕለት ሁስት አንድ ጊዜ መሸነፉን ያያል።

ሐሳቤ እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች እንዴት እንደተሸነፉ ጭምር የምናውቀው አንድ ሰው ጠረጴዛ ዳር ቁጭ ብሎ ዙሩን፣ ሰከንዱንና ውጤቱን ስለጻፈ ነው። ወደ አገራችን ስንመጣስ? በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ ሰይፉ መኮንን በቦክስ ለኢትዮጵያ ተሰልፏል። በ1980 ሞስኮም ቦክሰኞች ነበሩን። አገራችን እስከ ዛሬ ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ ከአትሌቲክስ ስለሆኑ የአበበ ቢቂላን ታሪክ ሕፃን ሁሉ ሲያውቀው የእነዚህን ሰዎች ስም የሚጠራ ተማሪ ግን በክፍሌ የለም። የዞናችንንና የወረዳችንን ግጥሚያዎችማ ማን ያስታውሳቸዋል?

ካፋ ይህን ነገር በሌላ በኩልም ታውቀዋለች። ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 ከተማረኩ በኋላ ስለ መንግሥቱ ሥርዓት ሰፊውን መጽሐፍ የጻፈው ፍሬድሪክ ቢበር የተባለ ኦስትሪያዊ ነው። ሥራው መልካም ነው። ሆኖም እኛ ያልጻፍነውን ሌላው የሚጽፈው እሱ ባየው መጠን ነው። አባቶች በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚሉት ያለ ነገር አይደለም።

«ጓንት ሳይኖረን፣ የራስ መከላከያ ሳይኖረን ስለ ደብተር ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ጓንቱም ያስፈልገናል። ነገር ግን መዝገብ ለዝና ብቻ አይደለም። በአማተር ቦክስ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ደንብ ጭንቅላቱን ተመትቶ የተዘረረ ልጅ ቢያንስ 30 ቀን፣ በ3 ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተዘረረ ደግሞ 90 ቀን እንዳይጋጠም ይከለክላል። መዝገብ በሌለበት ማን ይቆጥራል? ልጁ ዛሬ እዚህ ተዘርሮ በሳምንቱ ሌላ ወረዳ ሄዶ ቢገጥም አሠልጣኙ በምን ያውቃል? ልጁ ራሱማ መግጠም ስለሚፈልግ አይናገርም። ጓንት እጅን ይሸፍናል፤ ያንን ልጅ ቤቱ የሚያስቀምጠው ግን የተጻፈ ነገር ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ነገር አቀርባለሁ። በክፍሉ ቢሮ አንድ ወፍራም ደብተር ይቀመጥ። በዞናችን በቦክስም ሆነ በኪክ ቦክስ ወይም በቴኳንዶ ግጥሚያ ሲኖር ከእኛ አንዱ ሄዶ ቀኑን፣ ስማቸውን፣ ክብደታቸውን፣ ዙሩን፣ ውጤቱንና የደረሰውን ጉዳት ይጻፍ። የተሸነፈው ስም ከአሸናፊው እኩል በጉልህ ይጻፍ። በበጋ ወደየወረዳችን ስንመለስ ደግሞ ድሮ የተፋለሙ አባቶችንና ወንድሞችን ፈልገን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ የሚያስታውሱትን እንጻፍ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ነውና የተሸነፉትን አስቀድመን ብንጠይቅ ብዙ እንሰማለን።

ደብተሩን የምገዛው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ማን ይሞላዋል?

ቸር ይግጠመን።